ቃሉን ማን አጣራው?

በ1968 መጨረሻ በደቡብ ጣሊያን በካታንዛሮ ከተማ ከመቶ በላይ የሲሲሊ ሰዎች የተከሰሱበት ትልቅ የማፊያ ችሎት ፍርድ ሰጠ። ችሎቱ ከፓሌርሞ ርቆ እንዲቀመጥ የተደረገው ምስክር እንዳይፈራ፣ ዳኛም እጁ እንዳይጠመዘዝ ታስቦ ነበር። አልሆነም። አብዛኞቹ ተከሳሾች በማስረጃ እጦት ነጻ ወጡ፤ የቀሩትም ቀለል ባለ ቅጣት ታለፉ። በዓመቱ ባሪ ከተማ ላይ የኮርሊዮኔ ቡድን የተባሉ 64 ሰዎች ቀረቡ፤ ሁሉም በነጻ ተሰናበቱ። ከተሰናበቱት አንዱ ቶቶ ሪና ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ዳኞችን በፈንጂ የሚያስፈጀው ሰው። (በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ምን እንደሚሠራ በፓሌርሞ የማያውቅ አልነበረም። ችግሩ ሕጉ ለአንድ ሰውና ለአንድ ድርጊት የተሠራ መሆኑ ነው፤ እገሌ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እገሌን ገደለ። የተደራጀ ወንጀል ግን ሥራውን ይከፋፍላል። ያዘዘው መሣሪያ አልነካም፤ መሣሪያ ያቀበለው ሟቹን አያውቅም፤ የተኮሰው ማን እንዳዘዘው አይናገርም፤ ያየው ሰው ደግሞ ልጆች አሉት። ገንዘቡ በሚስት፣ በአማች፣ በግንባታ ድርጅት ስም ይተኛል። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሰው አያስቀጣም።

ስለዚህ መንግሥት ከተለመደው የወንጀል ሕግ ወጣ ያለ ሥልጣን ለፖሊስ ሲሰጥ ሁልጊዜ ክፋት ይዞት ነው ማለት አይቻልም። እኔም ሥልጣኑ አይሰጥ ብዬ አልከራከርም። ማሳየት የምፈልገው እነዚህ አዳዲስ ሥልጣኖች ሁሉ ሌላ ሰው ሊያየው በማይችለው ማስረጃ ላይ መቆማቸውን ነው፤ በምስጢር በተጠለፈ ስልክ፣ ከቡድኑ ከድቶ በመጣ ምስክር፣ በሽፋን በገባ መርማሪ ቃል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ያመጣው ሰው ራሱ አጣሪ ከሆነ ንጹሕ ሰው ይታሰራል፤ እውነተኛው ጥፋተኛም በዚያው ያመልጣል።

ጣሊያን ሕጓን የለወጠችው በደም ነው። ሲሲሊያዊው የምክር ቤት አባል ፒዮ ላ ቶሬ የማፊያ አባልነትን ራሱን ወንጀል የሚያደርግ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትንም የሚወርስ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ረቂቁ ምክር ቤት ውስጥ ሲንከባለል ቆየ። ላ ቶሬ በሚያዝያ 1982 ፓሌርሞ ላይ ከሾፌሩ ጋር ተገደለ። ማፊያን እንዲዋጋ የተላከው ጄኔራል ካርሎ አልቤርቶ ዳላ ኪየዛ ደግሞ መስከረም 3 ቀን ከባለቤቱ ጋር በመኪናው ውስጥ ተረሸነ። ሕጉ በአሥር ቀን ውስጥ ጸደቀ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 416 ላይ የተጨመረው ድንጋጌ ማፊያን በሚፈጽመው ግድያ ብቻ አይለየውም፤ በማኅበሩ ስም በሚያሳድረው ፍርሃት፣ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ እንዲገዛ በማድረጉ ይለየዋል። ሰዎች ሳይናገሩ የሚያስፈራሩበት ነገር ወንጀል ተብሎ በሕግ ሲጻፍ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

የንብረቱ ድንጋጌ ከእስሩ የበለጠ እንደጎዳቸው አምናለሁ። እስር ቤት ገብቶ የሚያዝ አለቃ ብዙ ነው፤ መሬቱን ተነጥቆ የሚፈራ አለቃ ግን የለም። በ1996 ሊቤራ የተባለው የማኅበራት ኅብረት ካሰባሰበው አንድ ሚሊዮን ፊርማ በኋላ በወጣው ሕግ የተወረሰው ቤትና እርሻ ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ተደረገ። ዛሬ ኮርሊዮኔ አካባቢ ከአለቆቹ በተወረሰ መሬት ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስንዴና ወይን ያመርታሉ።

ስልክ መጥለፍን በተመለከተ የተደረገው ለውጥ በሁለት ሐረግ ላይ ያረፈ ነው። በመደበኛው የጣሊያን ሥነ ሥርዓት ስልክ የሚጠለፈው የወንጀሉ ጥርጣሬ ከባድ ሲሆንና ጠለፋው ለምርመራው ፈጽሞ የግድ ሲሆን ነው። በ1991 ለተደራጀ ወንጀል የወጣው ሕግ ከባዱን ጥርጣሬ በበቂ ጥርጣሬ ተካው፤ ፈጽሞ የግድ የሚለውን ደግሞ አስፈላጊ በሚል አላላው። የጠለፋው ጊዜም ከአሥራ አምስት ቀን ወደ አርባ ቀን ረዘመ። አንድ ነገር ግን አልተነካም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ምርመራውን የማይመራ ዳኛ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቸኩሎ በራሱ ቢያዝ እንኳ ጉዳዩን በ24 ሰዓት ውስጥ ለዳኛው ያቀርባል፤ ዳኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ካላጸደቀው የተሰማው ነገር ሁሉ ለማስረጃነት አይውልም። መለኪያውን ማላላትና ለኪውን ማስወገድ የተለያዩ ናቸው። አብዛኛው የሥልጣን ክርክር እነዚህን ሁለቱን ሲያደባልቅ አያለሁ።

ጆቫኒ ፋልኮኔ የፓሌርሞ መርማሪ ዳኛ ነበር። ሥራውን በጥይት ቀለህ ሳይሆን በባንክ ቼክ የጀመረ ሰው ነው፤ ከሄሮይን ንግድ የሚወጣውን ገንዘብ ከባንክ ባንክ እየተከተለ። በ1984 ቶማሶ ቡሼታ ከብራዚል ተላልፎ መጣ። ልጆቹ በኮርሊዮኔ ሰዎች የተገደሉበት የማፊያ ሰው ነው፤ በቀለኛ ነው፤ ለራሱም የሚያተርፈው አለ። ፋልኮኔ ቃሉን ለወራት በገዛ እጁ ጻፈ። ከጻፈ በኋላ ግን አላመነውም፤ እያንዳንዱን ነገር በባንክ ሰነድ፣ በሆቴል መዝገብና በስልክ ልውውጥ ላይ ፈተነው። በየካቲት 1986 ከኡቻርዶኔ እስር ቤት ጎን በተሠራ ልዩ ችሎት ውስጥ ከ470 በላይ ተከሳሾች ቀረቡ። ቡሼታ ከመጋረጃ ጀርባ አልተናገረም። ፒፖ ካሎ ከተባለው አለቃ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ተሟገተ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እየመለሰ፣ ዳኞቹ የሁለቱንም ፊት እያዩ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንላለን። በእኛ የቀድሞ ሙግት ተሟጋቹ በልሃ ልበልሃ እየተባለ፣ ተጠየቅ እየተባለ ቃሉን የሚያጸናው በባላጋራው ፊት ቆሞ ነበር። ምስክርን መደበቅ አንዳንዴ ሕይወቱን ማትረፊያ ብቸኛው መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተደበቀ ምስክር ቃል አነጋገሩ የማይታይ ቃል ስለሆነ ሌላ ቦታ፣ በሰነድና በሌላ ሰው አፍ፣ ሁለት እጥፍ መፈተን አለበት።

ፍርዱ በታኅሣሥ 1987 ሲሰጥ 19 ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ብዙ ጸሐፊ የሚያልፈው ቁጥር ደግሞ አለ፤ 114 ሰዎች በነጻ ወጡ። ከነጻዎቹ አንዱ ሉቺያኖ ሊጆ፣ የኮርሊዮኔው አሮጌ አለቃ ራሱ ነበር። በቀድሞ ፍርድ እስር ቤት ቢቆይም በዚህ ክስ ማስረጃው አልበቃም ተባለ። ያን ጊዜ የተናደደ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ሰበር ሰሚው ችሎት በጥር 1992 ፍርዱን ያጸናው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ዳኞቹ ያልተረጋገጠውን ስለጣሉ ነው። የተቀረው ጽኑ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ዘመን በኔፕልስ የተሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰኔ 17 ቀን 1983 ፖሊስ የከተማዋ የተደራጀ የወንጀል ቡድን በሆነው በካሞራ ላይ ከስምንት መቶ በላይ የመያዣ ትእዛዝ ይዞ ወጣ። ከተያዙት አንዱ ኤንዞ ቶርቶራ ነበር። ፖርቶቤሎ የሚባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚመራ፣ ሚሊዮኖች በየሳምንቱ ቤታቸው የሚያስገቡት ሰው። ካሜራዎች ተጠርተው እጁ በካቴና ታስሮ ወጣ። አደንዛዥ ዕፅ ያዘዋውራል ተባለ። ማስረጃው ምን ነበር? ከድተው የመጡ ወንጀለኞች ቃልና አንድ ማስታወሻ ደብተር። ደብተሩ ላይ ያለው ስም ቶርቶና ነው እንጂ ቶርቶራ አልነበረም፤ አጠገቡ የስልክ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ቁጥሩን የደወለ መርማሪ አልነበረም። በእስረኛና በዝግጅቱ ክፍል መካከል የተጻጻፉ ደብዳቤዎችም ተገኙ፤ ጉዳያቸው አንድ እስረኛ በቴሌቪዥን እንዲሸጡለት የላካቸውና የጠፉበት ዳንቴሎች ነበሩ። ከዳተኞቹ ዳንቴል ማለት ዕፅ ነው አሉ፤ ታመኑ። በ1985 አሥር ዓመት ተፈረደበት። በ1986 በይግባኝ ነጻ ወጣ፤ በ1987 ሰበር አጸናለት፤ በግንቦት 1988 በካንሰር ሞተ።

እዚህ ላይ የስልክ ጠለፋውም ሆነ የምስክር ከለላው ሕግ ወቀሳ የለበትም። ያን ቁጥር መደወል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መስካሪዎቹ ብዙ ስለነበሩ ብዛታቸው እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ፤ እነርሱ ግን አንዱ የሌላውን እየሰሙ ነበር የሚናገሩት። ፋልኮኔ በ1989 ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ነበር። ጁዜፔ ፔሌግሪቲ የተባለ ከዳተኛ ሳልቮ ሊማ የተባለውን ኃያል ፖለቲከኛ በግድያ አዛዥነት ከሰሰ። ጣሊያን ሁሉ ሊማን ከማፊያ ጋር ይጠረጥረው ነበር፤ ሊታመን የሚመች ውንጀላ ነበር። ፋልኮኔ አጣርቶ ውሸት ሆኖ ሲያገኘው ከዳተኛውን በሐሰት ውንጀላ ከሰሰው። በዚህም የተነሳ ፖለቲከኞችን ይሸሽጋል፣ ሰነድ በመሳቢያ ይቆልፋል ተብሎ በአደባባይ ተዘለፈ። ሰብአዊ መብትን ማክበር ከወንጀለኛ ጋር መወዳጀት የሚመስላቸው ሰዎች ያን ጊዜም ነበሩ። ግንቦት 23 ቀን 1992 ካፓቺ አጠገብ አውራ ጎዳናው ሥር የተቀበረ ፈንጂ ፋልኮኔን፣ ባለቤቱን ፍራንቼስካ ሞርቪሎንና ሦስት ጠባቂዎቻቸውን ገደለ። ከሁለት ወር በኋላ ባልደረባው ፓኦሎ ቦርሴሊኖ ከአምስት ጠባቂዎቹ ጋር ተከተለው።

አገር በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆና ስታስብ ማንም ሚዛን አይጠይቅም። ከቦርሴሊኖ ሞት በኋላ በነበሩት ቀናት የማፊያ አለቆች አንቀጽ 41-ቢስ በሚባለው ልዩ የእስር ሥርዓት ወደ ፒያኖዛና አዚናራ ደሴቶች ተጋዙ። በመስታወት ጀርባ በወር አንድ ጊዜ ጥየቃ፣ የሚነበብ ደብዳቤ፣ ከሌሎች መለየት። የዚህ ምክንያቱ እውነት ነበር፤ አለቆቹ ከእስር ቤት ሆነው ያስገድሉ ነበር። ነገር ግን ወደ ፒያኖዛ ከተላኩት አንዱ በአንድ ከዳተኛ ቃል ብቻ የተያዘ ሲሲሊያዊ ነበር። ከዳተኛው ደግሞ ራሱ አላየም፤ ከሌላ ሰው ሰማሁ ነው ያለው፤ ያ ሰው ሞቷል፤ ሊጠየቅ አይችልም። ሰውየው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ታስሮ በነጻ ተፈረደለት። ፍርዱ በምሽት ስለወጣ፣ የሚያስፈርም የመዝገብ ሠራተኛ በሌሊት ስላልነበረ፣ ተጨማሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ታሰረ። ከወጣም በኋላ የፖሊስ ቁጥጥር ተጣለበት፤ ከመራጮች መዝገብም ተሰረዘ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2000 ጣሊያን በሰውየው ላይ በርካታ መብቶችን እንደጣሰች ወሰነ። አሥራ ሁለቱ ሰዓትም ተቆጥሯል። ተፈርዶለት ካበቃ በኋላ አንድ ሌሊት ሰው ማሰር ነጻነቱን መንጠቅ ነው አለ ፍርድ ቤቱ። በደሴቲቱ ተደበደብኩ ያለውንም በወጉ አላጣራችሁም ብሎ ወቀሰ።

የቦርሴሊኖ ግድያ ምርመራ ራሱ የባሰ ሆነ። ቪንቼንዞ ስካራንቲኖ የተባለ ትንሽ የሠፈር ወንጀለኛ ግድያውን አውቃለሁ፣ ከእነ እገሌ ጋር ነበርኩበት ብሎ መሰከረ፤ ቃሉን ደጋግሞ ቀየረ፣ ካደ፣ መልሶ አረጋገጠ፤ ሰዎች ግን በእርሱ ቃል ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በ2008 ጋስፓሬ ስፓቱዛ የተባለ ሌላ የማፊያ ሰው ፈንጂው የተጠመደባትን መኪና የሰረቅኋት እኔ ነኝ ብሎ ወጣ፤ የሰጠው ዝርዝር ሲፈተን እውነት ሆነ። በሐሰት የተፈረደባቸው የወጡት በ2011 ነው። በኋላ የካልታኒሴታ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በጣሊያን የፍትሕ ታሪክ ከታዩት ከባድ የምርመራ ማሳሳቶች እንደ አንዱ ቆጠረው። ፍትሕን ሲሹ የኖሩት የቦርሴሊኖ ልጆች ስንት ዓመት ተቀሙ? የመብት ጥሰት የሚጎዳው የታሰረውን ብቻ የሚመስለው ሰው እነርሱን ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ለሚመስለው አንባቢ፣ ፓሌርሞ የእኛኑ አካባቢ ልጅ ያሰረች ከተማ ናት። ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ሰጥመው ሞቱ። የፓሌርሞ ዐቃብያነ ሕግ ለማፊያ የተሠራውን የስልክ ጠለፋና የከዳ ምስክር ስልት በሰው አሻጋሪዎች ላይ አዞሩት። ማዞራቸው ተገቢ ነው እላለሁ። በሊቢያ በባኒ ዋሊድ መጋዘኖች ውስጥ ልጁን እየደበደቡ ድምፁን በስልክ ለእናቱ የሚያሰሙ ሰዎች የተደራጁ ወንጀለኞች ናቸው። አዲስ አበባ፣ አስመራ፣ ሪያድ፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያን ጩኸት ሰምቶ፣ ወርቁን ሸጦ፣ ተበድሮ በሐዋላ ልኳል። የእነዚያ ልጆች በሕይወት የመኖር መብትም ሰብአዊ መብት ነው፤ ይህን የማይጠቅስ የመብት ክርክር ጎዶሎ ነው። ከእነዚህ ነጋዴዎች ዋነኛው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2020 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው በእጁ ያለፈ ተጎጂ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። በዓመቱ ከፍርድ ቤት አምልጦ ጠፋ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ እንደገና የተያዘው በጥር 2023 ሱዳን ውስጥ ነው። ተጎጂዎቹ መስክረውበት ካበቁ በኋላ ያመለጠባቸውን ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት አስባለሁ።

በግንቦት 2016 ግን ካርቱም ላይ አንድ ወጣት ኤርትራዊ ተያዘ። የብሪታንያና የጣሊያን ባለሥልጣናት ጄኔራሉ የሚባለውን ቀንደኛ አሻጋሪ ያዝን ብለው አወጁ፤ ወጣቱ ሰኔ ላይ በአውሮፕላን ወደ ጣሊያን ተጋዘ። ፎቶው እንደወጣ በጄኔራሉ እጅ ያለፉ ስደተኞች ይህ ሌላ ሰው ነው ብለው ጮኹ። የሁለቱ የመጀመሪያ ስም አንድ ነው፤ መድኃኔ። በእኛ አገር ሰፈር ውስጥ ስንት መድኃኔ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ወጣቱ በስልኩ ዘመዶቹ ስለሚሄዱበት መንገድ ከደላሎች ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ይህም ከስሙ ጋር ተደምሮ ሌላ ሰው አደረገው። ስዊድን ካለው የእውነተኛው ተፈላጊ ልጅ ጋር የዘረመል ምርመራ ተደረገ፤ አልተገናኘም። የወጣቱ እናት መጥታ ናሙና ሰጠች፤ ልጇ ሆኖ ተገኘ። ዐቃብያነ ሕጉ አሁንም ክሱን አልጣሉም። ችሎቱ የማንነት ስህተት ነው ብሎ የወሰነው በሐምሌ 2019 ነው። ዘመዶቹን ለማሻገር ረድቷል በሚለው ጠባብ ክስ ግን ጥፋተኛ ብሎት፣ ከሦስት ዓመት በላይ ስለታሰረ ለቀቀው። በእነዚያ ዓመታት እውነተኛው ሰው ችሎት ፊት አልቀረበም።

የእኛው ሕግ በዚህ ብርሃን ቢታይ መልካም ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ለምርመራ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ቀነ ቀጠሮ ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ግን ወሰን አላበጀም። ስለዚህ 48 ሰዓቱ የሚጠቅመው ዳኛው ባለፈው 14 ቀን ምን ሠራችሁ ብሎ መዝገቡን ገልጦ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ምርመራው አልተጠናቀቀም የሚለውን ቃል ተቀብሎ የሚፈርም ዳኛ የማስታወሻ ደብተሩን ቁጥር ካልደወለው መርማሪ አይለይም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚመለከተው አዋጅ በሽፋን ለሚሠራ መርማሪ ከለላ ሰጥቷል፤ በግዳጅ ላይ ሳለ ሁኔታው አስገድዶት ለሚፈጽመው ወንጀል፣ ከግድያ በስተቀር፣ በወንጀል አይጠየቅም። የዚህ ከለላ ምክንያት ይገባኛል። ከሰው ነጋዴዎች መካከል የገባ መርማሪ ገንዘብ አልነካም፣ መልእክት አላደርስም ቢል በዚያው ቀን ይታወቃል። ጣሊያንም በ2006 ተመሳሳይ ከለላ ሰጥታለች። የእርሷ ሕግ ግን የሚፈቀዱትን ድርጊቶች ይዘረዝራል፤ ገንዘቡን፣ ዕፁን፣ መሣሪያውን መግዛት፣ መቀበል፣ መደበቅና የመሳሰለውን። መርማሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ዐቃቤ ሕጉ እንዲያውቅ ታዟል። አንድ ክፉ ድርጊት ብቻ ከልክሎ ሌላውን ሁሉ ክፍት መተው ግን የተደበደበችውን፣ የተደፈረችውን፣ ንብረቷ የተቃጠለባትን ሴት ማን ዘንድ ሂጂ ይላታል? ሁኔታው አስገድዶት ነበር ወይ የሚለውንስ ማን ይመረምራል? የመርማሪው አለቃ ከሆነ ከቶርቶራ ጉዳይ አልራቅንም።

ስለዚህ ለዚህ አዋጅ የሚወጣው ዝርዝር መመሪያ ሦስት ነገር እንዲይዝ እሻለሁ። መርማሪው ከመሰማራቱ በፊት በጉዳዩ የሌለበት ዳኛ በጽሑፍ ይፍቀድ፤ የተፈቀዱት ድርጊቶች በስማቸው ይዘርዘሩ፤ ግዳጁ ሲያበቃ የተፈጸመው ሁሉ ለዚያው ዳኛ ይቅረብ። አራተኛው ካሳ ነው። የጣሊያን የሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ አግባብ ለታሰረ ሰው እስከ 516,456.90 ዩሮ ይከፍላል። ኢትዮጵያም በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 5 ከሕግ ውጭ የታሰረ ሰው ሊያስፈጽመው የሚችል የካሳ መብት አለው ይላል። ካሳው ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ፣ አመልካቹ የትኛው መስኮት ላይ ማመልከቻውን እንደሚያስገባ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ የሚደነግግ አንቀጽ ከመርማሪው ከለላ አጠገብ፣ በዚያው አዋጅ ውስጥ መጻፍ አለበት።